ደጋምባ፦ ለልብ ወለዴ የፈጠርኳት ሶሻሊስት አገር አርባ ዓመት መኖር ትችላለች?

ብራና
ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ረጅም ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚያልፍባት አገር ደጋምባ ትባላለች፤ በካርታ ላይ የለችም። የባሕር በር የላትም፣ ስምንት ሚሊዮን ሕዝብ አላት፣ ቡናና መዳብ ወደ ውጭ ትልካለች፣ ደጋዋ ጤፍና ገብስ ያበቅላል። ንጉሣዊው ሥርዓት ከወደቀ በኋላ አርባ ዓመት ሙሉ በሶሻሊዝም ስትተዳደር ላሳያት እፈልጋለሁ። ሰው የሚያገባባት፣ ልጅ የሚያሳድግባት፣ የሚያኮርፍባትና መልሶ የሚታረቃት አገር ናት በልቤ ያለችው።

እስካሁን የወሰንኩት ይህን ነው። አንድ ገዢ ፓርቲ አለ። ከሱ ጎን ከቀበሌ ጀምሮ እስከ ብሔራዊ ሸንጎ የሚደርሱ ምክር ቤቶች አሉ። ሕገ መንግሥቱን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አንቀጽ ጽፌዋለሁ። መሬት የሕዝብ ነው፤ ባንክና ማዕድን የመንግሥት ነው፤ ፋብሪካ በሠራተኞቹ ምክር ቤት ይተዳደራል፤ ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበር ያርሳል። ሕክምናና ትምህርት በነፃ፣ የቤት ኪራይ እጅግ ዝቅተኛ፣ ሥራ አጥ የሚባል የለም።

እናንተ ውስጥ የደርግን ዘመን የኖራችሁበት አላችሁ፤ ውጭ አገር ተምራችሁ ሌላውን ያያችሁም አላችሁ። የትኛው ጋ ነው አንባቢ «ይሄማ አይሆንም» ብሎ መጽሐፉን የሚያጥፈው?

የቢቸና ልጅ
ብራና ወንድሜ፣ ሕገ መንግሥቱን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረን፤ ደጋምባ ውስጥ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ የሚቆርጠው ማን ነው? ሁለተኛም፣ ገበሬው «በዚህ ዋጋ አልሸጥም» ቢል ምን ይደርስበታል? አገሪቱ ያለችው እነዚህ ሁለት መልሶች ውስጥ ነው።

እኛ ጋ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነበር። ዋጋው ከላይ ተቆርጦ ይወርዳል፤ ኮታው በአውራጃ በወረዳ ተሸንሽኖ ገበሬ ማኅበሩ ጋ ይደርሳል፤ ማኅበሩ ደግሞ በየአባወራው ይደለድለዋል። ጎጃምና አርሲ ትርፍ አምራች ስለነበሩ የግል እህል ነጋዴ ጨርሶ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ዝናቡ ቢቀር ኮታው አይቀርም። ያልደረሰለት ሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል።

የአባቴን ልንገርህ። አንድ ዓመት በረዶ መታን። አባቴ ለበሬ መግዣ ያስቀመጠውን ብር አውጥቶ ገበያ ወጣና ሁለት ኩንታል ጤፍ ገዛ። በሁለት አህያ ጭነን መጋዘኑ ደጃፍ ሰልፍ ያዝን። መዛኙ እጁን ጆንያው ውስጥ አስገብቶ አፍሶ አየው፤ «ገለባ አለው» ብሎ ከክብደቱ ላይ ቀነሰ። አባቴ ምንም አልተናገረም፤ ደረሰኙን አጥፎ ጋቢው ጫፍ ላይ ቋጠረው። በማግሥቱ ሊቀመንበሩ መጥቶ ደረሰኙን አይቶ ስሙን ሰረዘለት። ያቺ ደረሰኝ ከሌለች ማዳበሪያ የለም፤ ከከፋም እስር አለ።

እናቴ ደግሞ አዲስ አበባ ለምትማረው እህቴ የጤፍ ዱቄት የምትልከው ትራስ ውስጥ ሰፍታ ነበር። ኬላ ላይ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ ዕቃው ይፈተሻል። እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንደ ልብ ማሳለፍ አይቻልም ነበር። ልብ ወለድህ ውስጥ ኬላ ይኑር። ሕገ መንግሥትህን ሰው ላያነበው ይችላል፣ ኬላውን ግን ሁሉም ያልፈዋል።

አረጋዊ ዘአራዳ
ልጆቼ፣ የቢቸናው ልጅ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ አንድም ቃል አልነቅፍበትም። ግን ታሪኩ ከመካከሉ ተጀመረ። ብራና አገሩን አርባ ዓመት ማኖር ከፈለገ ሰዎቹ ለምን አርባ ዓመት እንደታገሷት ማሳየት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ የመጀመሪያዋን ቀን ማወቅ አለበት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲነበብ ጎልማሳ ነበርኩ። አዲስ አበባ እንደዚያ ቀን ሰው አደባባይ ወጥቶ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በፊት በደቡብ ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን፣ ብዙ ቦታም እኩሌታውን ለባለርስት ያስረክብ ነበር፤ በላዩ ላይ የበዓል መብል መጠጡ፣ የጌታውን አጥር ማጠሩ፣ ማገዶ ማቅረቡ። አዋጁ የጭሰኝነትን ግዴታ ሁሉ በአንድ ቀን ሻረው። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ፣ የጉልበት ሠራተኛ ቀጥሮ ማሳረስም ከአቅመ ደካሞች በቀር እንዲቀር አደረገ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ይህንኑ አዋጅ ይዘው ገጠር ገቡ።

ከዚያም በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በ15 ቋንቋዎች ነበር የተሰጠው። የባለቤቴ እናት በስልሳ ዓመቷ ፊደል ቆጠረች። ልጇ ከጅማ የላከላትን ደብዳቤ መጀመሪያ ራሷ ያነበበች ዕለት ቤት ውስጥ ማንንም አላስገባም ብላ በር ዘጋች፤ ብቻዋን ልታነበው። እንዲህ ዓይነት ሴት ደጋምባ ውስጥ ከሌለች አገሪቱ እውነት አትመስልም። ይህችን ሴት ካድሬው ቢያስከፋት እንኳ ሥርዓቱን ለመጥላት ጊዜ ይፈጅባታል።

የቢቸና ልጅ
ጋሼ፣ በመሬቱ ነገር አልከራከርዎትም። እኔን ዕድሜ ልኬን የሚያንገበግበኝ መሬቱን የሰጠው እጅ ምርቱን መልሶ መውሰዱ ነው። ባለርስቱ ሲሶ ወሰደ፣ መንግሥት ደግሞ በዋጋ ወሰደ። ብራና ሁለቱንም ያሳይ፤ ደስታውንም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣውንም።

ስሌት
እኔ ወደ ፋብሪካው ልሂድ፤ ምክንያቱም ብራና ሁለት አብረው የማይሄዱ ነገሮች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጧል፦ «ፋብሪካ በሠራተኞቹ ምክር ቤት ይተዳደራል» እና «ሥራ አጥ የለም»።

የሠራተኛ አስተዳደርን በሰፊው የሞከረችው ዩጎዝላቪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1948 ከሞስኮ ጋር ከተቆራረጠች በኋላ በ1950 በወጣ ሕግ ፋብሪካዎች ለሠራተኞች ምክር ቤቶች ተሰጡ። ለሃያ ዓመት ያህል አገሪቱ በፍጥነት አደገች፤ ይህ የተመሰከረ ነው። ችግሩ የመጣው ከውስጥ ነው። የዓመቱ ገቢ ሲመጣ ምክር ቤቱ ይሰበሰብና ደመወዝ እንጨምር ወይስ አዲስ ማሽን እንግዛ ብሎ ድምፅ ይሰጣል። የሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሠራተኛ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶት ለምን ማሽን ይገዛል? ደመወዙን መረጠ። ማሽኑ በባንክ ብድር ተገዛ። አዲስ ሰው መቅጠርም ያለውን ገንዘብ ለብዙ አፍ ማካፈል ስለሆነ ነባሮቹ አልፈለጉም። ወጣቱ ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሰደደ፤ በ1968 መንግሥታቱ የሠራተኛ ስምምነት ተፈራረሙ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የውጭ ዕዳው 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ፣ በ1989 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ1,000 በመቶ አለፈ። ስሎቬኒያና ኮሶቮ በአንድ አገር ውስጥ ሆነው ኑሯቸው የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ።

ስለዚህ ብራና፣ የመዳብ ማዕድን ያለበት አውራጃህና ገብስ ብቻ የሚያበቅለው አውራጃህ በአሥረኛው ዓመት እንዴት ነው የሚተያዩት? ትርፉን የሚያካፍለው ማን ነው? እኔ ብሆን ከልብ ወለዱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚያ የደመወዝና የማሽን ስብሰባ እሰጥ ነበር። አባትና ልጅ በአንድ ፋብሪካ ሠርተው ተቃራኒ ድምፅ ሲሰጡ።

የአራት ኪሎዋ
ወንዶቹ ስለ ኩንታልና ስለ ማሽን ተነጋገራችሁ። እኔ ስለ ስኳር ላውራ።

የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰልፉ የሚያዘው ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ነው። እናቴ ድንጋይ አስቀምጣ ትመለሳለች። እያንዳንዱ ድንጋይ ባለቤት አለው፤ አንዷ የተሰበረ ጡብ ታስቀምጣለች፣ አንዷ አሮጌ ጣሳ። ሲነጋ ሁሉም መጥቶ ድንጋዩ ጋ ይቆማል። ማንም የሰው ድንጋይ አያነሳም ነበር፤ ያን ያህል መተማመን ነበረ። ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ቁጥር ተጽፏል፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና በነፍስ ወከፍ ይሰፈራል። ሳሙና ከመጣ ስኳር አልመጣም። ኩባም እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በዚሁ ዓይነት ደብተር ኖራለች።

ሰልፉን ግን ሁሉም ይጽፈዋል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር እንድታይ ነው። ስኳር የሚያድለው ቀበሌ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነውን ቤት የሚያከራየውም ቀበሌ ነው። መታወቂያ የሚሰጠው፣ ክፍለ ሀገር ስትሄድ መሸኛ የሚጽፍልህ ቀበሌ ነው። ለእናት ሀገር ጥሪ መዋጮ የሚሰበስበው፣ ለዘመቻ ልጅ የሚመለምለው ቀበሌ ነው። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃ ይዘው የሚያድሩትም፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ሰው ታስሮ የተገረፈውም እዚያው ግቢ ነው። አንድ አጥር፣ አንድ ማኅተም። ስኳር ልትቀበል የገባህበት በር ወንድምህ የገባበትና ያልወጣበት በር ነው።

ብራና፣ ደጋምባ ውስጥ ሰዎች ድህነትን ሊችሉት ይችላሉ። ሁሉን ነገር ከአንድ ሰው እጅ መለመን ግን ሰውን ከውስጡ ይለውጠዋል። እናቴ በሊቀመንበሩ ፊት ድምጿ ይለወጥ ነበር። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለ ኪራዩም አንድ ነገር። ርካሽ ኪራይ ለድሃ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዝቅተኛው ኪራይ በግማሽ ተቀነሰ፤ ያንን የረሳ ሰው ፍርዱ ጎደሎ ነው። ነገር ግን በዚያ ኪራይ ጣሪያ አይጠገንም። ቆርቆሮው ሲያፈስ ቀበሌው በጀት የለኝም ይላል፣ ተከራዩ ቤቱ የኔ አይደለም ይላል። ሃያ ዓመት እንዲህ ካለፈ ሰፈሩ ምን እንደሚመስል መሐል አዲስ አበባ የኖረ ያውቀዋል። የደጋምባን ዋና ከተማ ስትስል የጣሪያዎቹን ዝገት እንዳትረሳ። ዕድሩንም እንዳትረሳ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው ዕድር ነበር፤ መንግሥት ሁሉን ሲይዝ እሱ በሰዎቹ እጅ ቀረ።

ኤርፈርት ያደረ
በምሥራቅ ጀርመን የተማርኩ ነኝ። ብራና አገሩ ቡና እንደምትልክ ስለጻፈ የማውቀውን ላካፍል፤ የኛም ቡና አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1975 ብራዚል ውስጥ ውርጭ የቡናውን ተክል ጨረሰው፤ የዓለም ዋጋ ጣሪያ ነካ። ምሥራቅ ጀርመን ዶላር አልነበራትም። በ1977 መንግሥት ግማሹ ያህል ብቻ ቡና የሆነ፣ የቀረው አጃና ገብስ የመሳሰለ ድብልቅ አወጣ። ሕዝቡ አልጠጣም አለ። በስብሰባ ላይ ስለ ፖለቲካ ምንም የማይተነፍሱ ሰዎች ስለ ቡናው ለባለሥልጣናት የቁጣ ደብዳቤ ጻፉ። በዚሁ ዓመት ቨርነር ላምበርትስ የተባለው የገዢው ፓርቲ ከፍተኛ አመራር (የፖሊት ቢሮ) አባል አዲስ አበባ መጣ፤ ስምምነቱ የጦር መሣሪያ ለኢትዮጵያ፣ ቡና ለበርሊን ሆነ። ጊዜው የሶማሊያ ወረራ ነበር፤ ደርግ መሣሪያ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። የሲዳማና የከፋ ገበሬ የለቀመው ቡና በጥይት ተለወጠ ማለት ነው። ልውውጡ ብዙ ዓመት አልዘለቀም። ምሥራቅ ጀርመኖች ፊታቸውን ወደ ቬትናም አዞሩ፣ ከ1980 ጀምሮ እዚያ የቡና እርሻ እንዲስፋፋ ገንዘብና ባለሙያ ላኩ። ቡናው በደንብ ማፍራት ሲጀምር አገራቸው ራሷ አልነበረችም፤ ቬትናም ግን ዛሬ ከብራዚል ቀጥሎ የዓለም ሁለተኛ ቡና አምራች ናት።

ለደጋምባ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ወዳጅ አገር ዕቃ በዕቃ ሲለዋወጥህ ዋጋውን ማን ይቆርጣል? ቡናህን ለወዳጅ በትራክተር ትሰጣለህ ወይስ ለባዕድ በዶላር ትሸጣለህ? ትራክተሩ ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ንግድ ሚኒስቴር ውስጥ ይህን ስሌት ሌት ተቀን የሚሠራ አንድ ሰው በልብ ወለድህ ውስጥ ቢኖር የአገሪቱን የውጭ ፖሊሲ በሙሉ በእሱ ጠረጴዛ ታሳየናለህ።

ዘመናይ
ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ጥያቄ አለኝ። የዚያን ዘመን ልጅ አይደለሁም። አጎቴ በቀይ ሽብር ሞቷል፤ ፎቶው ብቻ ነው ቤታችን ያለው። አርባ ዓመት የሚኖር ሶሻሊዝምን በልብ ወለድ መገንባት ለምን አስፈለገ? የሆነውን መጻፍ አይበቃም?

ብራና
ዘመናይ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ጥያቄሽ ከባድ ስለሆነ በቅንነት ልመልስ። የሆነውን የጻፉ አሉ፤ ከኔ በተሻለ ያውቁታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የአባቴ ትውልድ ነው። ያ ትውልድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕኩልነትን ፈልጎ ነው የተነሳው፣ «መሬት ለአራሹ» ሲል ከልቡ ነበር። የፈለጉት ነገር ከየትኛው መታጠፊያ ላይ ወደ ግድያ እንደሄደ ለማየት መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ቀይሬ ማየት እፈልጋለሁ። ደጋምባ ያቺ መሞከሪያ ናት።

እስካሁን በነገራችሁኝ ምክንያት የለወጥኩትን ላስቀምጥ። ኬላው ገብቷል። እህል በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት በኮታ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ፓርቲው ውስጥ ትልቅ ጠብ ይነሳና ገበሬው ግብሩን ከፍሎ የቀረውን በነፃ እንዲሸጥ ይፈቀዳል። ቀበሌው ለሦስት ይከፈላል፤ ሱቁ የሸማቾች ማኅበር፣ ቤቱ የተከራዮች ማኅበር፣ ጥበቃው የፖሊስ ይሆናል። የመዳብ አውራጃው ከገቢው ለደጋው ያካፍላል፣ ያጉረመርማልም። አሁን የሚቸግረኝ ከታች የሆነውን ላይኛው ክፍል እንዴት ያውቃል የሚለው ነው።

ስሌት
የጠየቅከው ነገር የዕቅድ ኢኮኖሚ ዋና በሽታ ነው። ዕቅድ ማለት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሚልከው ደግሞ በቁጥሩ የሚሾመውና የሚሻረው ሰው ራሱ ነው። የወረዳው ሰው መቶ የነበረውን መቶ ሃያ ይለዋል፣ አውራጃው መቶ አርባ ያደርገዋል፣ በመቶ አርባው ላይ ኮታ ይጣላል። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገበሬ የሞተው በከፊል በዚህ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለው እህል ተሰብስቦ ተወሰደ፣ በጎተራ ያለው አልበቃም።

የኛንም እናውቃለን። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም አጋማሽ ላይ ረሃቡ እየመጣ እንደሆነ ለለጋሾች አስጠንቅቆ ነበር። በመስከረም 1977 ግን አዲስ አበባ ቅስት ተክላ፣ ባንዲራ ሰቅላ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የገዢውን ፓርቲ የኢሠፓን (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን) ምሥረታ ታከብር ነበር። ወሎና ትግራይ ሰው እየረገፈ ነበር። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ከወር በላይ ቆይቶ ነው። ኮሚሽኑ አልዋሸም፤ መረጃው ነበረ። የጎደለው መረጃውን ይዞ በአደባባይ የሚጮህ ሰው ነው። ጋዜጣው የመንግሥት፣ ሬዲዮው የመንግሥት።

ስለዚህ ለደጋምባ ቢያንስ አንድ ነገር ስጣት፦ አውራጃ ላይ የሚታተም፣ ፓርቲው ሊዘጋው የማይችል ጋዜጣ። ሕግ ስለጠበቀው ብቻ አይበቃም፤ ማተሚያ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ወረቀቱን ማን እንደሚያስገባ ጻፍ። ወረቀቱን ከንግድ ሚኒስቴር የሚለምን ጋዜጣ ነፃ አይደለም።

ሸንጎ
ስለ ሥልጣን ማንም ስላላነሳ ልጨምር። የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥት በጥር 1979 ዓ.ም ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ 81 በመቶ ድምፅ አገኘ ተባለ፤ ከዚያም ሪፐብሊኩ ታወጀ፤ 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተቀመጠ። በወረቀት ላይ ሸንጎው የበላይ ነበር፤ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጥም የሚሽርም እሱ ነው። ግን የሪፐብሊኩ ፕሬዝዳንት፣ የፓርቲው ዋና ጸሐፊና የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ አንድ ሰው ነበር። 835 ሰው እጁን ሲያወጣ ጎኑ የተቀመጠውን ያያል፤ ማንም ብቻውን እጁን ወደታች አያደርግም።

ታንዛንያን አስቡ። ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 የሶሻሊዝም መርሑን ያወጀበትን የአሩሻውን መግለጫ አወጣ፤ ኡጃማ የተባለው የኅብረት መንደር ኑሮ በፈቃድ ይጀመራል ተባለ፣ በኋላ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገበሬ በግዴታ ወደ መንደር ተሰበሰበ፣ ምርቱም ወደቀ። የኛ መንደር ምሥረታም ያንኑ መንገድ ተከተለ። ነገር ግን ኔሬሬ በ1985 ከፕሬዝዳንትነቱ በፈቃዱ ወረደ። ጦርነት የለ፣ ደም የለ። የሱ ተተኪ ፖሊሲውን ሲለውጥ አገሪቱ አልፈረሰችም። ደጋምባ አርባ ዓመት የምትኖረው የመጀመሪያው መሪዋ በሕይወት እያለ ቤቱ ከገባ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ያንን ቀን ጻፈው፤ ማን ነገረው፣ ለምን እሺ አለ፣ በማግሥቱ ማን ፎቶውን ከቢሮ አወረደ።

ዘመናይ
ብራና፣ መልስህን ደጋግሜ አነበብኩት። አጎቴ ሲሞት ሃያ ዓመቱ ነበር፤ እሱም የመሬት ለአራሹ ልጅ ነው። ደጋምባ ውስጥ እሱን የመሰለ ልጅ ይኑርና ይኑር፤ ይከራከር፣ ፓርቲውን ይቃወም፣ አርጅቶም ይታይ።

የቢቸና ልጅ
አሜን ዘመናይ። ይህን ቃልሽን ብራና እንደሚይዘው አውቃለሁ።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነገር ሳይነካ ስለቀረ ልመለስበት። እኛ ጋ ከ1971 ዓ.ም ጀምሮ የአምራቾች ማኅበር በደረጃ ተከፋፍሎ መጣ፤ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ። በመጀመሪያው መሬት ይቀላቀላል፤ ቀጥሎ በሬና ማረሻ። ለማኅበሩ ጥሩ ጥሩው መሬት ተቆርጦ ተሰጠ፣ ማዳበሪያውም ብድሩም በቅድሚያ ለሱ ሆነ። ያም ሆኖ ገበሬው በጅምላ አልገባም። የሠራ ሰው በነጥብ ይያዝለታል፤ ከቤተሰቡ ብዙ ጉልበት ያለውና አንድ እጅ ያለው፣ ተኝቶ የሚውለውና ጎህ ሲቀድ የሚወጣው የነጥብ መዝገቡ ላይ ይጣላሉ። ያን መዝገብ የሚይዘው ልጅ በመንደሩ ሁሉ የሚጠላ ልጅ ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው መመሪያው እስኪደርስ አልጠበቀም። በእኛ አካባቢ ማኅበሩ በጥቂት ቀን ፈረሰ። ችግሩ በሬው ነበር። መሬቱ ቀላል ነው፣ ወሰኑን ሽማግሌ ያውቀዋል። በሬው ግን ሲገባ የአንድ ሰው ጥጃ የነበረው አድጎ በሬ ሆኗል፣ የሌላው ሞቷል፣ የሦስተኛው ተሽጦ ሞተር ተገዝቶበታል። ሦስት ቀን ሙሉ ዛፍ ሥር ተከራከርን። ወንድማማች ተኮራርፎ ቀረ።

በሶቭየት ኅብረት የግል ጓሮ ከእርሻ መሬቱ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ከግብርናው ምርት ሩብ ያህሉን ያወጣ ነበር። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 ሺያውጋንግ በሚባል መንደር 18 ገበሬዎች መሬታቸውን በየቤተሰቡ ለመከፋፈል በድብቅ ተፈራረሙ፤ ቆይቶ መንግሥት ራሱ ያንን መንገድ ተከተለ። ስለዚህ ብራና፣ ማኅበር አትከልክል፤ ግን የመውጫውን አንቀጽ ጻፍ። አንድ ሰው ነገ ልወጣ ቢል በሬውን፣ ድርሻውን፣ ያፈሰሰውን ጉልበት በምን ስሌት ይዞ ይወጣል? መውጫ ያለው ማኅበር አባላቱን ማክበር ግድ ይለዋል።

አረጋዊ ዘአራዳ
በሬውን ያነሳኸው መልካም ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ደጋምባ ውስጥ መሬት አይሸጥ። ሸጦ ከተማ የገባ ገበሬ ሦስት ዓመት ሳይሞላው የጉልበት ሠራተኛ ይሆናል። የኛም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ ይህንኑ አጽንቶታል፤ ደርግ ሄዶም ያ አልተሻረም።

የቢቸና ልጅ
ጋሼ፣ እዚህ ላይ እንለያያለን። መሬት የማይሸጥ ከሆነ ገበሬው ባንክ ሄዶ በምን ይበደራል? ሊቀመንበሩ «መሬትህን እንነጥቅሃለን» ሲለው በምን ይከራከራል? አይሸጥ የሚሉ ከሆነ ደጋምባ ውስጥ ቢያንስ ማከራየቱና ለልጅ ማውረሱ በሕግ ይረጋገጥ፣ የይዞታ ደብተሩም በገበሬው እጅ ይሁን። ደብተሩ ሊቀመንበሩ ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈ መሬቱ የሕዝብ ነው ማለት የሊቀመንበሩ ነው ማለት ነው።

አረጋዊ ዘአራዳ
ደብተሩ በገበሬው እጅ ይሁን የሚለውን እቀበላለሁ። ኪራዩም ለተወሰነ ዓመት ቢሆን አልቃወምም። ከዚያ ማለፍ ግን አይቻልም፤ ብራና፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ኪራዩን እያደሰ እያደሰ ግማሹን ወረዳ ሲይዝ አሳየን፣ ያኔ የቢቸናው ልጅም ያየዋል።

ብራና
ሁለታችሁንም በአንድ ምዕራፍ አስገባችኋለሁ። ይህን ክርክር በደጋምባ ሸንጎ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች እንዲያደርጉት ልጽፈው ነው፤ ድምፅ ሲሰጥ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ገና አልወሰንኩም። ረቂቁን ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ የአራት ኪሎዋ እህቴ የሱቁን ክፍል እንድታይልኝ እለምናለሁ።